የመሪጌታ ልዑልቃል ካርቶን

መሪጌታ ልዑልቃል ስለት የተሳሉ መስሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ አምስተኛ ክፍል ነበርሁ። አሁን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እናት ሆኜ፣ ቁስቋም መውጫ ላይ ሱቅ ከፍቼ ተቀምጫለሁ፤ ነገሩ በትክክል የገባኝም እዚሁ ሱቅ በር ላይ ነው። መጀመሪያ ግን በልጅነቴ እንደ ገባኝ ላውራው። እርማቱ መንገድ ላይ ይደርስብናል።

የእነ መሪጌታን ግቢና የእኛን ግቢ የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነበር። ከላዩ ስለ ፈረሰ አጥርነቱ ቀርቶ መቀመጫ ሆኗል። በዚያ በኩል የመሪጌታ ባለቤት እትዬ ወለተሩፋኤል፣ በዚህ በኩል እናቴ ተቀምጠው የሠፈሩን ጉዳይ ሲዳኙ ይውላሉ። መሪጌታ የቁስቋም የዜማ መምህር ናቸው፤ ልጅ አዋቂው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ቤታቸው ቴሌቪዥን ነበር። ልጃቸው ኤሌኒ አዲስ አበባ ሥራ ስትይዝ የላከችው ነው። እሳቸው ዞረው አላዩትም፤ እትዬም ጥልፍ ልብስ አልብሰው ጥግ አስቀምጠውት ነበር፤ ለሚያየው ሰው የተከናነበች ሙሽራ ይመስላል።

ጌሙ ደግሞ የኔ ነው። አጎቴ አያ ቢሻው በሳንጃና በጎንደር መካከል እየተመላለሰ ሰሊጥ ይነግድ ነበር። ያን ዓመት ታኅሣሥ ላይ አንድ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ከሱዳን በኩል ከሚመጣ ነጋዴ የተቀበለው ነው። ሁለት ጆይስቲክ ያለው የቴሌቪዥን ጌምና እስከ አፉ የተጠቀጠቀ ካሴት ነበረበት፤ የዘፈኑ ካሴት ሳይሆን ጌሙ አናት ላይ የሚሰካው፣ ቢጫና ጥቁር ፕላስቲኩ።

"ምንድን ነው አያ?" አልሁት።

"እኔ ምን አውቄ። ልጆች ሲያዩት ያብዳሉ ብሎኛል ሰውዬው። እስቲ እበጂና ልይሽ።"

ለማበድ ቴሌቪዥን ያስፈልግ ነበር። ካርቶኑን ተሸክሜ ወደ ካቡ ሄድሁ።

እትዬና እናቴ በርበሬ እየቀነጠሱ ነበር። የእትዬ ዓይን ቀልቷል፤ በርበሬው ነው ብዬ አለፍሁት።

"ሱባኤ ይዘዋል ነው የምንለው፤" ይላሉ እትዬ። "ሌላ ምን ይባላል?"

"የአለቃስ ነገር?"

"ለኅዳር ካልደረሱ ቦታቸውን ለኃይለ ማርያም መስጠቱ አይቀርም። እሳቸው እንደሆነ ሳልጨርስ ቅኔ ማኅሌት አልቆምም ብለዋል። ታውቂያቸው የለ፤ አንዴ ካሉ አሉ ነው።"

እናቴ እኔን ስታይ ጉሮሮዋን ጠራረገች። እኔም ሰላም ብዬ ካቡን ተሻገርሁ።

መሪጌታ በቀን ቤት ተቀምጠው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ተጠቅልለዋል። አጠገባቸው ሲስተር ሕሊና ቆማለች፤ እኛ ግቢ ተከራይታ የምትኖር፣ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ነጭ የላስቲክ ኳስ ነበረች። ልጅ በሌለበት ቤት ኳስ ምን ትሠራለች ብዬ ዓይኔን ጣልሁባት፤ ማንም ግን ውሰጂ አላለኝም።

ሲስተር ሕሊና ካርቶኑን ከፍታ ጆይስቲኩን አነሣች። አገላብጣ አየችው፤ ቀዩን ቁልፍ ጠቅ ጠቅ አደረገችው፤ ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞረች።

"የኔታ፣ ኳሱን እምቢ ብለዋል። ይኼንስ?"

መሪጌታ ካርቶኑን እንደማያውቁት እንግዳ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። "ስንት ነው ያለው?" አሉኝ።

"ብዙ ነው የኔታ። ካርቶን ሙሉ።"

"ሁሉንም ልጨርስ?" አሉ፣ ሲስተር ሕሊናን።

"ሁሉንም፤" አለች።

እንግዲህ ፍረዱ። ሰውዬው ሳይጨርሱ ማኅሌት እንደማይቆሙ ከሚስታቸው አፍ ሰምቻለሁ፤ የሚጨርሱት ምን እንደሆነ ደግሞ በዓይኔ አየሁ። የምድር ሰው ሁሉ ሻማና ጥላ ሲሳል የኛ መሪጌታ ካርቶን ሙሉ ጌም ተሳሉ። እትዬ ሲሸኙኝ ጆሮዬን ያዝ አድርገው፣ "ይመኙሽ፣ እዚህ ቤት ያየሽውን ለሰው እንዳትናገሪ፤" አሉኝ። በቁስቋም ማርያም ማልሁ። ሱባኤ ገቡ የተባሉ መምህር ታንክ ሲተኩሱ ይውላሉ ብሎ የሚናገር ማን ነው?

መሪጌታ ጌሙን የያዙት እንደ ድጓ ነው። ካሴቶቹን አውጥተው ግድግዳው ሥር ደረደሯቸው፤ የተጨረሰው በመስኮቱ በኩል፣ ያልተጨረሰው በአልጋው በኩል። መዝለል የለም። በዜማ ቤት ተማሪ የያዘውን ሳያጸና አዲስ አይቀጽልም፤ እሳቸውም አንዱን ካሴት ዳር ሳያደርሱ ሌላውን አይነኩም። ጆይስቲኩን እንደ ሰው በእጅ አይዙትም፤ መጽሐፍ የሚነበብበት አትሮንስ ላይ ያስቀምጡትና መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ቆመው ይጫወታሉ። ስቄ ስቄ ሆዴን አመመኝ።

የመጀመሪያው ካሴት ላይ አንድ አጭር ሰውዬ ይሮጣል፤ ጉድጓድ ሲደርስ መዝለል አለበት። የሚያዘልለው በቀኝ አውራ ጣት የሚጫኑት ቀዩ ቁልፍ ነው። የመሪጌታ ሰውዬ አይዘልም። ፎክሮ ይመጣና ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል።

"ይደገም፤" ይላሉ፣ ተማሪ ዜማ ሲሰብር በሚሉበት ድምፅ።

ሰውዬው ይነሣል፤ ይሮጣል፤ ይገባል።

"ይደገም።"

"የኔታ፣ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ቀዩን ይጫኑታ።"

"እየተጫንሁት ነው።"

"አልተጫኑትም እኮ።"

"አዝዤዋለሁ አልሁሽ። እሱ አልሰማ ብሎ ነው።"

ግንባራቸው በላብ ይርሳል። ለአንድ ጌም እንዲህ የሚያልበው ሰው ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ጥምቀት ወጥቶ ገባ፤ ያ ሰውዬ ገና ከመጀመሪያው ጉድጓድ አልተሻገረም። እኔ በሁለተኛው ቀን ተሻግሬዋለሁ። እዚያው ካሴት ላይ ያለው፣ ሁለት ሰው የሚገጥምበት የታንክ ጌም ሲከፈትማ፣ የሳቸው ታንክ አንዲት ጥይት ሳይተኩስ እኔ አፈር አስግጠዋለሁ። የኔታ ሊቅ ናቸው የሚባለው ነገር አጠራጠረኝ።

ሆኖም እወዳቸው ነበርና ነገሩ ያስጨንቀኝ ጀመር። በዚህ አያያዝ ለኅዳር ስድስት፣ ለቁስቋም በዓል፣ አይደርሱም። ተማሪዎቻቸውን ኃይለ ማርያም ወስዷቸዋል፤ እሱ ራሱ እሳቸው ያስተማሩት ነው። ስለዚህ እኔ ልጨርስላቸው ቆረጥሁ። ከትምህርት ቤት እንደ ተመለስሁ ደብተሬን ካቡ ላይ ወርውሬ እገባለሁ። አንድ ቀን ለጸሎት ወደ ጓሮ ወጣ ሲሉ ይዘውት የነበረውን ካሴት መጨረሻው ድረስ ነዳሁላቸው። ተመልሰው ሲገቡ ስክሪኑ ላይ ርችት ይተኮሳል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"አለቀልዎ የኔታ። ወደ መስኮቱ ይውሰዱት።"

ጎንበስ ብለው ጌሙን አጠፉት። መልሰው አበሩት። ሰውዬው ከመጀመሪያው ጉድጓድ ወዲህ ቆሞ ይጠብቃል።

"አንቺ ያለፍሽው ላንቺ ነው፤" አሉኝ፣ ሳይቆጡ። "የኔ ገና ነው።"

ሲስተር ሕሊናም ሰምታ፣ "ሁለተኛ እንዳታግዣቸው፤" አለችኝ። እሷ ራሷ ከሥራ መልስ እየመጣች ክንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልላ በአየር ትነፋለች፤ ከዚያ ጌሙን ቆማ ታያለች። "ዛሬ ከትናንት ይሻላል የኔታ፤" ትላለች፣ ሰውዬው ሃያ ጊዜ ጉድጓድ ሲገባ እያየች። ጌም የማያውቅ ሰው ጌም የማያውቅ ሰው ሲያበረታታ ማየት ለሚያውቅ ሰው ከባድ ነው።

እዚህ ላይ እርማቱ ይምጣ። ባለፈው ክረምት ሲስተር ሕሊና ጡረታዋን ይዛ ሱቄ በር ላይ ዝናብ ተጠልላ ቆመች። ልጄ ወንጌላዊት ስልኬ ላይ አቀርቅራ ጌም ትጫወታለች። ሕሊና አውራ ጣቷን አየት አድርጋ ሳቀች።

"የኔታ ልዑልቃልን አስታወሰችኝ። ያንን እጃቸውን ያዳንነው በዚህ አይደል።"

"የትኛውን እጃቸውን?"

"ምነው ይመኙሽ፣ ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጠሽ?"

ከጌሙ በፊት የነበረው የኅዳር በዓል ባለፈ በሳምንቱ ደም ግፊታቸው ተነሥቶ ግማሽ አካላቸው ዝሎ ነበር። ከአፋቸውና ከእግራቸው ቶሎ ለቀቃቸው፤ ቀኝ እጃቸው ላይ ግን ቀረ። ጸናጽል የሚይዘው እጅ ማለት ነው። የመሪጌታ እጅ ደረቀ ቢባል የሠፈራችን ሰው ግማሹ እያዘነ፣ ግማሹ ደግሞ እየተጠቃቀሰ፣ የደገመው ዞሮ መታው ይል ነበር፤ ደብተራ መታመም እንኳ ያለ ሐሜት አይፈቀድለትም። ሱባኤ የተባለው ለዚያ ነው፤ ሳልጨርስ ያሉትም ሕክምናውን ነው። "ኳስ ጨብጡ ብላቸው የሕፃን መጫወቻ ሰጠሽኝ ብለው ሰነበቱ አኩርፈው፤" አለች ሕሊና። "ጌሙን ግን ትምህርት አደረጉት። ትምህርት ከሆነ ደግሞ እንደሳቸው የሚጨክን የለም።"

እኔ ምስኪን፣ ዓመቱን ሙሉ በማርያም ስም ጠብቄ የኖርሁት የተሳሳተውን ምስጢር ነው። ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው ውጭ ያየሁት ጌም ሲጫወቱ ብቻ መሆኑ ያን ዕለት ትዝ አለኝ። ብርድ አይችሉም ብዬ ነበር እኮ።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። ሐምሌ ገባ። የቁስቋም ዝናብ ሲጀምር ቆርቆሮው ሌላ ድምፅ አያሰማም፤ መብራትም ከዝናቡ ጋር የተማማለች ይመስል አብራ ትሄዳለች። አንድ ከሰዓት በኋላ መኪና የሚነዳበት ካሴት ላይ ነበሩ። መብራት ጠፋ፤ ስክሪኑ ጠቆረ። መሪጌታ አልተንቀሳቀሱም። ቀዩን ቁልፍ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዝም፣ ጠቅ ያደርጉታል።

"የኔታ፣ መብራት ጠፍቷል።"

"አይቻለሁ።"

"ጌሙም ጠፍቷል።"

"ድጓ የተማርነው በምን መብራት መሰለሽ? በቃል ነው። ኩርባው መጣ፤ አሁን ተጫን... አሁን ልቀቅ።" ለማን እንደሚናገሩ አልገባኝም፤ ከኔ ጋር ቢሆን ተጫኚ ባሉ ነበር።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩአቸዋል። ዘወር ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። አበዱ ብለው ተስፋ የቆረጡ መሰለኝ፤ እኔም በልቤ አያ ቢሻው እውነቱን ነው አልሁ።

መብራት ሲመለስ ያንኑ ካሴት በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ቆሜ አጨበጨብሁ። እሳቸው ካሴቱን አነሡና፣ በግራ ሳይሆን በቀኝ እጃቸው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ሁለቴ እየጣሉ እያነሡ፣ ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ምን አንቀርፍፏቸው ነው ብዬ ልቀበላቸው ስል እትዬ ከጓዳ ሆነው፣ "ተዪ አንቺ!" አሉ። ያን ያህል ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

መስከረም ላይ ኃይለ ማርያም መጣ። በር ሲንኳኳ እትዬ ነጠላቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ወረወሩት፤ ድምፁን ለመቀነስ ግን ማን ደረሰ። የታንኩ ሙዚቃ ከነጠላው ሥር ይንጫረራል። መሪጌታ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ከተቱ።

ኃይለ ማርያም ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሰው ነበር። ቁልቁል እያየ፣ "የኔታ፣ አለቃ የዘንድሮውን ኅዳር እኔ እንድመራ አዘውኛል። ፈቃድዎ ካልሆነ እተወዋለሁ፤" አለ።

"ታዘሃል፤ ምራ።"

"ርስዎስ?"

"በቀኝ በኩል፣ በቦታዬ እቆማለሁ።"

"የኔታ፣ በዚያ..." አለና እኔን አይቶ ተወው። ሙዚቃው ቀጠለ። "ይኼ የሚጮኸው ምንድን ነው?"

"የኔ ነው፤" አልሁ በፍጥነት። "የኔታ አያዩትም። አንድም ቀን አይተውት አያውቁም።"

መሪጌታ ከንፈራቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ ሸፈኑ። ኃይለ ማርያም ሲወጣ እትዬ በሳቅ ፈነዱ፣ ቀጥሎ መሪጌታ። ያን ዓመት ሁለቱ አብረው ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ጥቅምት ሲጋመስ በአልጋው በኩል አንድ ካሴት ብቻ ቀረ። ሰውዬው አሁን ጉድጓድ ይዘላል፤ ታንኩም አልፎ አልፎ ያስደነግጠኛል። ልቤ ሞላ፤ ለኅዳር ደረስን። የመጨረሻውን ካሴት ሰካንና የጌሞቹ ስም ዝርዝር ወጣ። ወደ ታች ብንነዳው ብንነዳው አያልቅም። ሺህ ጌም ያለበት ካሴት ነበር። በርግጥ ሺህ አይደለም፤ እነዚያው ጥቂቶቹ ስማቸውን እየለወጡ የሚመለሱበት ነው። ሻጭ ሁሉ የሚያውቀው ማታለያ ነው።

አልቅሼ አስረዳኋቸው። "የኔታ፣ አንድ ናቸው እኮ። ይኼ ያው ያ ሰውዬ ነው፤ ይኼም ያው ነው። አምስቱን ብቻ ይጫወቱና አለቀ ይበሉ። ስለት እንዲህ አይቆጠርም።"

የመጨረሻውን ቃል የሰሙት አልመሰለኝም። ዝርዝሩን እያዩ ፊታቸው ፈክቶ ነበር፤ ያታለለውን ነጋዴ ቢያገኙት የሚመርቁት ይመስላሉ።

"ይኼን የሠራው ሰው የኛን ትምህርት ያውቀዋል፤" አሉ። "ሸጋ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።"

ሰውዬውን እንደገና ከመጀመሪያው ጉድጓድ ፊት አቆምሁት። ጨረሱት። ያንኑ በሁለተኛ ስሙ ከፈቱት። ጨረሱት። በሦስተኛ ስሙ። የበዓሉ ዋዜማ ሲደርስ ዝርዝሩ እንኳን ሊያልቅ ገና ጫፉ መነካቱ ነው። ተስፋ ቆርጬ ካቡን ተሻግሬ ሄድሁ፤ ደኅና እደሩም አላልኋቸው።

ኅዳር ስድስት ጧት ከእናቴ እጅ አምልጬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው የፈረሰ ግንብ ላይ ወጣሁ። የቁስቋም ቅጥር ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ ከአርማጭሆ የመጣው፣ ከአዲ አርቃይ የመጣው፣ ሁሉም ተጠጋግቶ ቆሟል። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ሆነው ወረብ ጀምረዋል፤ ኃይለ ማርያም በግራው ረድፍ ራስ ላይ ነው። ወደ ቀኙ ረድፍ ዓይኔን አዞርሁ።

መሪጌታ ልዑልቃል ቆመዋል። ካባቸውን ደርበው፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያውን በግራ፣ ጸናጽሉን በቀኝ ይዘው።

ሳይጨርሱ ገቡ። ስለታቸውን አፈረሱ። እመቤታችን በገዛ በዓሏ ምን ታደርጋቸው ይሆን ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ደመና እንኳ የለበትም።

ከበሮው መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር፤ ጸናጽላቸው ከሌሎቹ እኩል ይወርዳል፣ ይነሣል። ከበሮው ጨመረ። የሳቸው ጸናጽል ወደ ኋላ ቀረት አለ። ደግሞ ጨመረ። እጃቸው ዝቅ፣ ዝቅ አለና ጸናጽሉ ዝም አለ። የሁሉም ይሰማል፤ የሳቸው ብቻ እንደ ተሰቀለ ዕቃ ተንጠልጥሏል። ኃይለ ማርያም አየ። ከበሮውን ሊያዘገይ እጁን አነሣ፤ መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁበት። እጁን መለሰ።

ያኔ ነው ያየሁት። አውራ ጣታቸው። በጸናጽሉ እጀታ ላይ ይነሣል፣ ይጫናል፣ ይነሣል፣ ይጫናል፤ ከንፈራቸውም ያቺን የማውቃትን አንዲት ቃል፣ "ይደገም"ን፣ ይላል። በማርያም ፊት፣ ታቦት ቆሞ፣ ጌም እያሰቡ ነው። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንሁና በጣቶቼ መካከል አየሁ።

ከበሮው ተመታ፤ ረድፉ ሁሉ ከፍ ብሎ ወረደ፤ ጸናጽሉም አብሮ ጮኸ። የሳቸውም። በሚቀጥለውም፣ በሚቀጥለውም ጮኸ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከፊት ቆመው የነበሩት እትዬ ወለተሩፋኤል ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ በባላቸው ድፍረት አፍረው መሰለኝ፣ በጣም አሳዘኑኝ።

በማግስቱ ካርቶኔን ልወስድ ሄድሁ። ስለት ከፈረሰ ወዲያ ምን ይጠበቃል? መሪጌታ ተቀምጠው ከበዓል የተረፈ ዳቦ ይበላሉ። ጋቢያቸው ወንበሩ ላይ ተጥሏል።

"የኔታ፣ ሳይጨርሱ ገቡ።"

"ገባሁ።"

"ስለትዎስ?"

"የምን ስለት?" አሉና እኔን፣ ካርቶኑን፣ እንደገና እኔን አዩ። አንድ ነገር ፊታቸው ላይ መጥቶ ሲሄድ አየሁ፤ ዛሬ ሳስበው ሳቅ ነበር። ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። አልነገሩኝም። "ይመኙሽ፣ እዚያ ረድፍ ላይ የጨረሰ ሰው ቆሞ አየሽ? ያ ሁሉ ሽማግሌ የልጅነቱን እየደገመ ነው የሚቆመው። ነይ፣ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ያዢ።"

ታንኩን ከፈቱ። እሳቸው ጆይስቲካቸውን ከአትሮንሱ ላይ አነሡት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው በሁለት እጃቸው ያዙት። እኔ እንደ ልማዴ ፎክሬ ወጣሁ። ስክሪኑ ላይ ካለው ግንብ ጀርባ ጠብቀውኝ ነበር። ጠቅ። ታንኬ አፈር ሆነ።

ዘወር ብዬ አየኋቸው። ዳቧቸውን እያኘኩ፣ አውራ ጣታቸውን ቀዩ ቁልፍ ላይ አሳርፈው፣ ስክሪኑን እያዩ ይጠብቃሉ።

ካርቶኑን በእግሬ ገፋ አደረግሁና ተደላድዬ ተቀመጥሁ።

"ይደገም፤" አልሁ።